12፣ 24 ወይስ 48? ለሶላር የባትሪ ቮልት አመራረጥ

የመብራት መስመር ያልደረሰበት ቦታ ላይ ሶላር ለማስገባት ያሰቡ ሰዎች ሲደውሉልኝ ብዙውን ጊዜ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ኢንቨርተሩን ገዝቻለሁ፤ ስንት ባትሪ ልጨምርበት?» ነገሩ ከጭራው ተይዟል። የተገዛው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ዕቃ) ባለ 12 ቮልት ከሆነ የባትሪው አቀማመጥ፣ የገመዱ ውፍረት፣ የፊውዙ መጠን፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው የቻርጅ ኮንትሮለር ዋጋ ሁሉ አብሮ ተወስኗል። ገዢው ግን ይህን ሁሉ የወሰነው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሁለት ዋጋ ሲያወዳድር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ገንዘቡ ገና ኪስዎ ውስጥ እያለ ያንብቡት።

በምሳሌነት የምወስደው አንድ ጊዜ የሠራሁበትን ቤት ነው። መንገድ ዳር ያለ የገጠር ከተማ ቤት ነው፤ ከፊት ሱቅና ፀጉር ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ።

አንደኛ፦ የሚፈጀውን ኃይል በወረቀት ላይ ያውጡ

ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉዎታል። አንዱ በአንድ ጊዜ አብረው ሊሠሩ የሚችሉ ዕቃዎች ድምር ዋት ነው። ሌላው ቤቱ በሙሉ ቀንና ሌሊት የሚፈጀው ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በዋናነት የሚወስነው የመጀመሪያው ሲሆን ሁለተኛው ስንት ባትሪና ስንት ፓኔል እንደሚያስፈልግ ይነግርዎታል። ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ነው ስሌቱ የሚበላሸው።

በዚያ ቤት ስምንት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ነበሩ፤ በቀን 5 ሰዓት ሲበሩ 360 ዋት ሰዓት። ቴሌቪዥኑ ከነሪሲቨሩ 75 ዋት ይወስዳል፤ 6 ሰዓት ሲከፈት 450። ሱቁ ለጎረቤትም ስልክ ስለሚሞላ በቀን 16 ስልክ፣ አንዱን በ15 ዋት ሰዓት አስበን 240። ሁለት ባለ 15 ዋት የፀጉር መቁረጫ ማሽኖች 8 ሰዓት ሲሠሩ 240። የጁስ መፍጫው 500 ዋት ነው፤ ነገር ግን ተጠራቅሞ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ 250። ፍሪጁ ደግሞ ደንበኛ ቀኑን ሙሉ ስለሚከፍተው 1,500 ያዝንለት። ድምሩ 3,040 ሆነ። በኢንቨርተሩና በገመዱ ላይ የሚባክነውን ለመሸፈን በ0.85 ስናካፍለው ወደ 3,600 ዋት ሰዓት ይጠጋል።

ሁሉም አብረው ቢሠሩ ደግሞ 900 ዋት ገደማ ነው። በዚህ ላይ የፍሪጁ ሞተር አለ። ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛ ፍጆታው ከ3 እስከ 7 እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ ለቅጽበት 1,500 ዋት መሸከም አለበት፤ እኛ ለመተማመኛ 2,000 ዋት አልን።

ስለ እንጀራ ምጣድ ሳይጠየቅ የቀረ ሶላር አላውቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ለሁለት ሰዓት ጋገራ ብቻ ይህ ቤት በሙሉ በቀን ከሚፈጀው የበለጠ ሊበላ ይችላል። በ12 ቮልት ቢሞከር ከባትሪው ወደ 300 አምፔር መውጣት አለበት፤ ይህ የብየዳ ሥራ እንጂ የቤት መብራት አይደለም። ለትልቅ ሆቴል ካልሆነ በቀር ምክሬ ምጣዱን ለምርጥ ምድጃ መተው ነው።

ሁለተኛ፦ ዋቱን ወደ አምፔር ይለውጡ

የምርጫው ልብ እዚህ ነው። ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። ያው ዋት በዝቅተኛ ቮልት ከመጣ አምፔሩ ይበዛል።

አሥር ኩንታል ጤፍ ከጎተራ ወደ ገበያ ይሂድ እንበል። አህያ ግማሽ ኩንታል ትጭናለች፤ ሃያ አህያ ያስፈልጋል። በቅሎ አንድ ኩንታል ከጫነች አሥር በቅሎ ይበቃል። ግመል ሁለት ኩንታል ከተሸከመ አምስት ግመል ነው። ጤፉ ያው አሥር ኩንታል ነው፤ የተለወጠው መንገዱን የሚያጣብበው የእንስሳ ብዛት ነው። 12 ቮልት አህያው፣ 24 በቅሎው፣ 48 ግመሉ ነው። አምፔር የእንስሳቱ ቁጥር፣ ገመዱ ደግሞ መንገዱ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። 900 ዋቱን ለመስጠት ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነውን ጨምሮ ከባትሪው 1,000 ዋት ይወስዳል። ይህ በ12 ቮልት 83 አምፔር፣ በ24 ቮልት 42፣ በ48 ቮልት 21 አምፔር ነው። ባለ 2,000 ዋቱ ኢንቨርተር በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ደግሞ በቅደም ተከተል 185፣ 93 እና 46 አምፔር ይሆናል።

አሁን ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ወስደን ባትሪውን ከኢንቨርተሩ 3 ሜትር እናርቀው። ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ነው። በ1,000 ዋት ጭነት ገመዱ ላይ በሙቀት መልክ የሚጠፋው በ12 ቮልት 45 ዋት፣ በ24 ቮልት 11 ዋት ነው፤ በ48 ቮልት ግን 3 ዋት አይሞላም። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ብክነት የሚሰላው አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነው።

የባከነው 45 ዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላስቸገረ። የሚያስቸግረው ቮልቱ ገመዱ ላይ መውደቁ ነው። በ12 ቮልት ፍሪጁ ሲነሣ አምፔሩ ወደ 140 ይጠጋል፤ በዚያው ገመድ ላይ 0.9 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው በጭነት ውስጥ 11.7 ቢኖረው ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 10.8 ነው። ብዙ ኢንቨርተሮች 10.5 አካባቢ ሲደርሱ እየጮኹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ባለቤቱ ታዲያ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ኢንቨርተሩ ግን በአዲሱም ላይ በሳምንቱ ያንኑ ጩኸት ይጮኻል። እንዲህ ያለ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የምነካው ገመዱን ነው። ከሞቀ መልሱን አግኝቻለሁ።

እኔ የምሠራበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ከባትሪው የሚወጣውም ሆነ ወደ ባትሪው የሚገባው ኃይል ከ100 አምፔር እንዳይበልጥ። ከዚህ ተነሥተው ሲያሰሉት እስከ 1,000 ዋት ኢንቨርተር 12 ቮልት ይበቃል፤ ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት ያለ ሐሳብ 24 ነው፤ ከ3,000 ዋት በላይ ያለ ክርክር 48 ነው። በመካከል ያለው ቦታ ላይ ቀጣዮቹ ደረጃዎች ይፈርዳሉ። የቴሌኮም ማማዎች መሣሪያ በ48 ቮልት የሚሠራው፣ አይሱዙ የጭነት መኪናዎችም ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት የሚነሡት በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው።

12 ቮልትን ግን አልንቅም። አምስት አምፖል፣ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥንና ስልክ መሙያ ብቻ ላለው ቤት ከዚያ በላይ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። ኢንቨርተር እንኳን ሳያስፈልግ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠሩ አምፖሎችና ቴሌቪዥኖች ገበያ ላይ አሉ።

ሦስተኛ፦ ከፓኔሉና ከቻርጅ ኮንትሮለሩ ጋር ያስታርቁ

ቻርጅ ኮንትሮለር ላይ የተጻፈው አምፔር ወደ ባትሪው የሚያስገባው ነው። ባለ 60 አምፔር ኮንትሮለር በ12 ቮልት ባትሪ 800 ዋት ገደማ ፓኔል ነው የሚችለው፤ ያው ዕቃ በ24 ቮልት 1,600፣ በ48 ቮልት ደግሞ 3,200 ገደማ ይሸከማል፤ የተሠራው ለሦስቱም ቮልት ከሆነ ማለት ነው። ቮልት ከፍ ማድረግ በዚህ በኩል ብር ይቆጥባል።

ለምሳሌው ቤት ክረምቱን አስበን በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ቆጠርን። በበጋ ከዚያ የተሻለ ይገኛል፤ ነገር ግን ሶላር የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። 3,600ን በ4፣ ከዚያ ለአቧራና ለሙቀት ብክነት በ0.75 ስናካፍል 1,200 ዋት ይመጣል። ሁለት ባለ 600 ዋት ፓኔል ማለት ነው። ባትሪው 12 ቮልት ቢሆን 100 አምፔር ይገባል፤ መለኪያችን ጫፍ ላይ ደረስን። በ24 ቮልት 50፣ በ48 ደግሞ 25 አምፔር ነው። 12 ቮልት ከዚህ ቤት እዚህ ላይ ተሰናበተ።

ኮንትሮለሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ፓኔሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ እንደማገናኘት ያለ ነው፤ ትርፍ ቮልቱን ወደ አምፔር አይለውጥም። ከእርሱ ጋር 12 ቮልት ባትሪ ባለ 36 ሴል ፓኔል፣ 24 ቮልት ደግሞ ባለ 72 ሴል ይፈልጋል። ባለ 60 ሴል ፓኔል በ24 ቮልት ላይ ከተገጠመ ቆላ ውስጥ በቀትር ሲሞቅ ቮልቱ ስለሚወርድ ባትሪውን ሞልቶ አይሞላም፤ በ12 ላይ ከተገጠመ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ኃይል ይባክናል። ኤምፒፒቲ የሚባለው ግን ከፍተኛውን የፓኔል ቮልት አውርዶ በአምፔር ይተካዋል። ዛሬ ገበያውን የሞሉት ከ500 ዋት በላይ የሆኑ ትላልቅ ፓኔሎች ያለ እርሱ አይሆኑም። የእርሱ ሕግ አንድ ነው፤ የፓኔሉ ቮልት ሁልጊዜ ከባትሪው መሙያ ቮልት መብለጥ አለበት። 48 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ወደ 58 ቮልት ስለሚደርስ በሥራ ላይ 42 ቮልት የሚሰጥ አንድ ፓኔል አይበቃም፤ ቢያንስ ሁለት በተከታታይ መያያዝ አለባቸው።

እዚህ ጋ ደጋ ላይ ያለ ሰው ጆሮውን ይስጠኝ። ፓኔል ሲበርድ ቮልቱ ይጨምራል። ከጀርባው «ያለ ጭነት 50 ቮልት» ተብሎ የተጻፈበት ፓኔል ያ ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 53.5 ይወጣል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ ባደረበት የኅዳር ማለዳ ፀሐይዋ ብቅ ስትል የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለት ፓኔል በተከታታይ ካያያዙ 107 ቮልት ይሆናል። ባለ 100 ቮልት ኮንትሮለር የገዛ ሰው 50 እና 50 ደምሮ «ልክ ነው» ይላል፤ ኮንትሮለሩ ግን አንድ ማለዳ ተቃጥሎ ይገኛል፤ ከፍተኛ ቮልት ያጠፋውን ደግሞ ዋስትና አይሸፍነውም። ለሁለት ፓኔል ባለ 150 ይግዙ። ሦስት በተከታታይ ካሰቡ 160 ስለሚሆን ባለ 150ውም አይበቃም።

አራተኛ፦ ባትሪዎቹን ደርድረው ይመልከቱ

ባትሪ በተከታታይ፣ ማለትም የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ሲያያዝ ቮልቱ ይደመራል፤ አምፔር ሰዓቱ (አምፔር በሰዓት ሲባዛ) ባለበት ይቆያል። ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ሲሆን አምፔር ሰዓቱ ይደመራል፤ ቮልቱ አይለወጥም። አራት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪዎች 12 ቮልት 800፣ 24 ቮልት 400 ወይም 48 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ሊሆኑ ይችላሉ። በሦስቱም የተጠራቀመው ኃይል 9,600 ዋት ሰዓት ነው። «48 ቮልት የበለጠ ያቆያል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ፈገግ ብለው ይለፉት።

ልዩነቱ ዕድሜ ላይ ነው። ጎን ለጎን የተያያዙ ባትሪዎች ሥራውን እኩል አይካፈሉም። ለገመዱ ቅርብ የሆነው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞ ይወጣል፣ ቀድሞ ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ጎረቤቶቹን ይበላል። ስለዚህ ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት መስመር በላይ ጎን ለጎን አላደርግም። ሁለት መስመር ካለ ፖዘቲቩን ከአንዱ ዳር፣ ኔጋቲቩን ከሌላው ዳር ማውጣት ሥራውን ያካፍለዋል። አራቱን ባትሪ 24 ቮልት ካደረግን ሁለት መስመር አለን፤ 48 ካደረግን አንድ መስመር ብቻ፣ ጎን ለጎን የሚባል ነገር የለም። በተከታታይ ያለው ሕመም ሌላ ነው፤ አንዱ ከደከመ ሁሉም በእርሱ ልክ ይቆማሉ። ይህ ግን በቮልት መለኪያ በቀላሉ ይታያል።

የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ስለሚፈለግ ከ9,600ው የሚጠቀሙበት 4,800 ነው፤ ለዚህ ቤት ፀሐይ ጭራሽ ባይወጣ አንድ ቀን ከሩብ ይበልጣል። አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ ዓይነት አይቀላቅሉ፤ የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ስለሆነ በየሌሊቱ ግማሽ ድረስ ሲወርድ ወራት ነው የሚቆየው።

ሊቲየም ከሆነ ነገሩ ይቀላል። አንዱ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ 4ቱ 12.8፣ 8ቱ 25.6፣ 16ቱ 51.2 ቮልት ይሰጣሉ። ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነው ሣጥን 5.12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሲፈለግ ሁለተኛ ሣጥን ጎን ለጎን ይጨመርበታል፤ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሴሎቹን ራሱ ያስተካክላል። ባለ 12.8 ሊቲየሞችን በተከታታይ ለመደርደር ግን የአምራቹን ወረቀት ሳያዩ አይሞክሩት፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ አይፈቅዱም።

አምስተኛ፦ 12 ቮልት የሚፈልጉ ዕቃዎች ካሉ

ይህን ያወቅሁት በራሴ ስሕተት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን በ24 ቮልት ቤት ላይ ባለ 12 ቮልት አምፖሎች ነበሩና ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ገመድ ስቤ አበራኋቸው። ለጊዜው ባለቤቱም እኔም ደስ አለን። ስምንት ወር ሳይሞላ አምፖሎቹን የሚያበራው ባትሪ ሁልጊዜ እንደተራበ፣ ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ ከልክ በላይ እንደተሞላ ሁለቱም ተበላሹ። ባትሪውን ከኪሴ ተክቻለሁ። ከ24 ወይም ከ48 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ እርሱን ከጠቅላላው የባትሪ ድርድር ሁለት ዳር ላይ ያያይዙት።

ስድስተኛ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለውን ቤት ይጠይቁ

ቮልትን በኋላ መቀየር ምን ያስከፍላል? ፓኔሎቹ አይጣሉም። ኮንትሮለሩ 12ንም 24ንም የሚቀበል ሊሆን ይችላል፤ 48 የሚቀበለው ግን ጥቂቱ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ቁጥራቸው ለአዲሱ ቮልት እኩል የሚከፋፈል ከሆነ እንደገና ይደረደራሉ። ኢንቨርተሩ ግን ይሸጣል፤ የሚሸጠውም በኪሳራ ነው።

የዚያን ቤት ባለቤት «ጋሼ፣ ወደፊት ምን ሊጨምሩ ያስባሉ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ከፈቀደ ሌላ ፍሪጅና የቡና መፍጫ፣ ልጄ» አሉ። በዛሬው ጭነት 24 ቮልት ይበቃቸው ነበር። ሁለተኛ ፍሪጅ ሲመጣ ግን ኢንቨርተሩ 3,000 ዋት፣ ፓኔሉም ወደ 2,000 ዋት ሊደርስ ነው። አራት የአሲድ ባትሪዎችም በእጃቸው ነበሩና 48 አደረግነው። ቤቱ ባያድግ ኖሮና ሊቲየም ቢገዙ 24 እላቸው ነበር፤ በዚህ መጠን 24 ቮልት ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገኛል።

ከመወሰንዎ በፊት ደግሞ በአቅራቢያዎ ባለው ትልቅ ከተማ ገበያ ዞር ይበሉ። ኢንቨርተሩ ቢቃጠል የትኛው ቮልት በማግሥቱ ይገኛል? ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ ያለው ሰው ለዕቃ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይችልም።

ሰባተኛ፦ ገመድ፣ ፊውዝና የማያያዝ ቅደም ተከተል

ለባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር፣ ከ3 ሜትር ለማይበልጥ ርቀት፣ በ12 ቮልት 70 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና 250 አምፔር ፊውዝ፣ በ24 ቮልት 35 ካሬ ሚሊሜትርና 125 አምፔር፣ በ48 ቮልት 16 ካሬ ሚሊሜትርና 63 አምፔር እጠቀማለሁ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይቀመጥ። የግድግዳ ላይ የ220 ቮልት ብሬከር እዚህ ቦታ የለውም፤ የባትሪ ኤሌክትሪክ አንዴ ብልጭታ ከጀመረ በራሱ አይጠፋም፤ ለዲሲ፣ ማለትም ለእንዲህ ያለው የባትሪ ኤሌክትሪክ፣ መሠራቱ የተጻፈበትን ብቻ ይግዙ፤ ቮልቱም ከባትሪዎ መሙያ ቮልት በላይ ይሁን።

ባትሪ ሲነኩ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ መፍቻውን ጫፉ ብቻ እስኪቀር በፕላስተር ይጠቅልሉት። የ12 ቮልት ባትሪ እንኳን መፍቻ ሲወድቅበት ብረት ያቀልጣል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባትሪዎቹን ለየብቻ ሙሉ በሙሉ ይሙሏቸው። ደርድረው ካያያዙ በኋላ ጠቅላላውን ቮልት ይለኩ። ከዚያ ኮንትሮለሩን ከባትሪው ጋር ያገናኙ፤ ብዙዎቹ 12 ይሁን 24 የሚያውቁት በዚህች ቅጽበት ስለሆነ በስክሪኑ ላይ ትክክለኛውን መለየቱን ያረጋግጡ፤ የደከመ 24 ቮልት ባትሪ ሊያሳስተው ስለሚችል በእጅ መምረጥ ከተቻለ በእጅ ይምረጡ። ፓኔሉ ከዚያ በኋላ ነው፤ ኢንቨርተሩ በመጨረሻ። ለጥገና ሲፈቱ ፓኔሉን ቀድመው ይንቀሉ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ባትሪው አጠገብ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ። በወር አንድ ቀን፣ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ኢንቨርተሩ ጠፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ለክተው ቀኑንና ቁጥሩን ይጻፉ። አንደኛው ባትሪ ከሌሎቹ በ0.2 ቮልት ዝቅ ብሎ ሁለት ወር ከቆየ አውጥተው ብቻውን ይሙሉት፤ አሁንም ካልመለሰ ሌሎቹ ገና ደኅና ሳሉ ይቀይሩት።